ስም የማይጠራበት ቤት

ወንድሜ እንዳሻው የንግግር ሐኪም ነበር። በነገሌ ይህን ሥራ ሲሠራ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ሰዎች ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «መናገር ያቃተውን ሰው ያለማምዳል» እላቸዋለሁ። «አሃ፣ በምላሱ የሚበላ ሰው ነዋ!» ብለው ይስቃሉ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከሳቁት አንዱ ብቻውን ይመጣና «እናቴ ከታመመች ወዲህ አፏ አልፈታ አለ፤ ያይልኝ ይሆን?» ይለኛል። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር።

አባታችን ነገሌ ጦር ሰፈር ሃምሳ አለቃ ነበር። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን «ሞያሌ ደርሼ ነገሩን አይቼ እመለሳለሁ» ብሎ ከጓደኞቹ ጋር በእግሩ ወጣ። አልተመለሰም። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እንዳሻው አራት። እናታችን ከዚያ ወዲያ ከመደቧ ብዙም አልተነሳችም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም መሸጥ ጀመርኩ። የቦረናን ኦሮምኛ የተማርኩት እዚያ፣ ወተት ይዘው ከሚመጡት ሴቶች ጎን ተቀምጬ ነው። ትምህርት ቤት ብቆይ ኖሮ ምን እንደምሆን ድሮ አስብ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።

እንዳሻው አባታችን የወጣ ሰሞን ተብታባ ሆነ። ከዚያ በፊት አፉ የተፈታ ልጅ ነበር። የሰፈር ልጆች ከኋላው እየተከተሉ «እን-እን-እንዳሻው!» ይሉታል። ሱቅ ስልከው ባለሱቁ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እየጠበቀ «አንተ ልጅ፣ እስክትጨርስ ሱቄን ልዝጋ?» ይለዋል። እኔ ግን አብሬው ስሆን አላስቸግረውም ነበር። «ጨ… ጨ…» ሲል «ጨው» እላለሁ። «እ… እ…» ሲል «እራት ይፈልጋል» እላለሁ። ቃሉን ከአፉ ተቀብዬ እጨርስለት ነበር። የረዳሁት መስሎኝ።

አድጎ አዲስ አበባ ገብቶ ይህንኑ ተማረና ሲመለስ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት እራት ላይ ተቀምጠን «እቴቴ፣ የተብታባን ሰው ቃል መጨረስ አይገባም። ይጠበቃል እንጂ» አለኝ።

«ስንት ጊዜ ይጠበቃል?»

«እስኪጨርስ ነዋ።»

«እኔ ታዲያ ስንት ዓመት ስጎዳህ ኖርኩ ማለት ነው?»

ሳቀ። «ቃሌን ስትቀሚኝ ነው የኖርሽው» አለ። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ያንን ነገር አልረሳሁትም። በዚያ ጊዜ መንተባተቡ ጠፍቶ ነበር ለማለት ይቻላል። ሲደሰት ወይም ሲናደድ ብቻ ይይዘዋል።

የተቀጠረው ለአካል ጉዳተኞች ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራ አንድ የተሃድሶ ማዕከል ውስጥ ነው። ለእሱ ሥራ የተለየ ክፍል ስላልነበረ ከእግር መሥሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጡት፤ ከግድግዳው ማዶ ቀኑን ሙሉ መጋዝ ይጮሃል። «ጸጥታ የሚፈልገውን ሥራ እዚህ አመጡልህ» ስለው፣ «በዚህ ጩኸት ውስጥ የተናገረ ገበያም ላይ ይናገራል» አለኝ። እኔንም በጽዳት አስገባኝ። ትንሽ ቆይቶ በኦሮምኛ ከሚመጡት ታካሚዎች ጋር መነጋገሩ እኔ አጠገቡ ስሆን ቀለለው። የእሱ ኦሮምኛ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት የተማረው ነው፤ የቆላ ሽማግሌ ሲያወራ ግማሹ ያመልጠዋል። እናም መጥረጊያዬን አስቀምጬ ማስተርጎም ጀመርኩ።

መጀመሪያ ላይ ዝም ብዬ አልተረጉምም ነበር። የራሴንም እጨምራለሁ። አንድ ቀን ፊልቱ ሄደን፣ የስድስት ዓመት ልጇ የማይናገርላትን አንዲት እናት እያነጋገርን፣ እሱ ያላለውን «ልጁን አትምቺው፣ ፍርሃት ነው የያዘው» አልኳት። ሴትየዋ አለቀሰች። እንዳሻው ምን እንዳልኳት ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«እቴቴ፣ ያልኩትን ብቻ ተርጉሚ። የራስሽን አትጨምሪ። ልጁ ላይሰማ ይችላል፤ ገና አላየሁትም። አንቺ ሐኪም አይደለሽም።»

በሰው ፊት ነው የተናገረኝ። ልጁ በእርግጥም ጆሮው የማይሰማ ሆኖ ተገኘ፤ እንዳሻው ትክክል ነበር። እኔ ግን ቅር አለኝ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተባልኩትን ብቻ ተረጎምኩ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ጉዮ የሚባሉትን ሽማግሌ ያወቅናቸው ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በሁለት ሺህ ስምንት ነው። የማዕከሉ መኪና በወር አንድ ጊዜ በያቤሎ አድርጎ እስከ ሜጋ ይሄድ ነበር፤ ሾፌራችን አብዱልሃሚድ፣ እንዳሻው፣ እኔና አንድ ወይም ሁለት ሠራተኞች። ዱብሉቅ ላይ ቆመን ሳለ አንድ ወጣት በሞተር ሳይክል እየበረረ መጣና መኪናችን ፊት ቆመ። ስሙ ኩራ ይባላል። የጉዮ ልጅ ነው።

«ዶክተሩ የቱ ነው?»

«ዶክተር አይደለሁም» አለ እንዳሻው።

«እሺ ዶክተር። አባቴን አንድ ቃል ብቻ አናግርልኝ። ሌላው ይቅር። ውሃ ሲጠማው በእጁ ይጠቁማል፤ ይበቃዋል። ስሜን ብቻ ይጥራ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ኩራ አባቱን ሳያማክር የሟች እናቱን ላም ዱብሉቅ ገበያ አውጥቶ ሸጠና ሞተር ገዛ። ሰው እያመላለሰ ሜጋ ላይ መኖር ጀመረ፤ ሚስቱ ስንቄ ግን አማቷን እየጦረች እዚያው ቀረች። ሽማግሌው ላሟ እንደተሸጠች ሲሰሙ በጎረቤት ፊት ቆመው «እስክሞት ስምህን በአፌ አልጠራም» አሉ። ለእኛ ለከተሜዎች ይህ የቁጣ ነገር ነው፤ ያልፋል። ለእነሱ ግን አባት ስሙን ያልጠራው ልጅ ከሰው አልተቆጠረም። ኩራ ከዚያ ወዲያ ያልደረሰበት ነገር የለም፦ ሁለት ጊዜ ከሞተር ወድቆ እግሩ ተሰበረ፣ ስንቄ አንድ ሕፃን ቀበረች። ሁሉንም ከዚያ ቃል ጋር አያያዘው። በመጨረሻ ሽማግሌው ራሳቸው ልባቸው ራርቶ «የሚመጣው ሳምንት ጥሩትና ይምጣ፤ እፈታዋለሁ» ብለው ላኩበት። ሳምንቱ ሳይሞላ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ አፋቸውም ተዘጋ። ያሰሩትን ሊፈቱ ሲሉ ማለት ነው።

ያሰረው አፍ ነው የሚፈታው። ሌላ ሰው ሊልላቸው አይችልም። ስሙን ጠርተው «ናጋ» ማለት አለባቸው፤ ሰላም ሁን ማለት ነው። ሁለት ቃል።

ቤታቸው ስንደርስ ሽማግሌው ከሳር ቤቱ ጥላ ሥር ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ረጅም ሰው ናቸው። እንዳሻው ተንበርክኮ «አባባ ጉዮ፣ እንደምን ዋሉ?» አላቸው፤ እኔ በኦሮምኛ ሰላምታውን አረዘምኩት። «ታ… ታ…» አሉ። ሌላ ድምፅ አልነበራቸውም። ልጃቸውን ቆሞ ሲያዩ ፊታቸውን ወደ መሬት ደፉ። ተናደው አልመሰለኝም፤ አፍረው ነው።

እንዳሻው ብዙ ነገር ሞከረ። ቁጥር አስቆጠራቸው፣ ጸሎት አስጀመራቸው። ከዚያ ጎረቤቶቹን «ድሮ ሥራቸው ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። «ጉድጓድ ውስጥ ዘፋኝ ነበር» አሉት። ዱብሉቅ ያሉት የከብት ውሃ ጉድጓዶች በጣም ጥልቅ ናቸው፤ ወንዶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ቆመው ውሃውን እየተቀባበሉ ሲያወጡ ይዘፍናሉ። እንዳሻው ሁለት ወንዶች ያንን ዘፈን እንዲዘፍኑ ለመናቸው። ገና ሲጀምሩ ሽማግሌው ግራ እጃቸውን አነሡና ተቀላቀሉ። ቃሉን ከነዜማው፣ ጥርት አድርገው። ስንቄ በር ላይ ቆማ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ኩራ ሞተሩ ላይ ተደግፎ አለቀሰ።

«ዘፈንና ወሬ ጭንቅላት ውስጥ የሚቀመጡት ለየብቻ ነው» አለ እንዳሻው። «የወሬው ቤት ፈርሷል፤ የዘፈኑ ቆሟል። በዘፈኑ በር እንገባለን።»

ዘዴው ይህ ነበር። በግራ እጃቸው ጭናቸውን መታ መታ እያደረጉ፣ ቃሉን እንደ ዜማ ጎተት አድርጎ ማለት። በወር አንድ ቀን በምንመጣ ሰዎች ይህ አይሆንም፤ በየቀኑ የሚያለማምዳቸው ሰው ያስፈልጋል። ኩራ አይሆንም። የገዛ ስሙን አባቱ አፍ ውስጥ ቢያስገባ እንደ ስርቆት ይቆጠራል ብለዋል የአገሩ ሽማግሌዎች። ቀን ከሌት አብራቸው ያለችው ስንቄ ናት።

እንዳሻው ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች ዘረጋላት፤ ውሃ፣ ወተት፣ ከብት። «በቀን ሁለቴ፣ ጧትና ከሰዓት። አንቺው ራስሽ አድርጊው፤ ሰው አይቀያየርባቸው፣ ይምታታባቸዋል። መጀመሪያ ሙሉውን ቃል አንቺ በይ። ቀጥሎ አብራችሁ በሉት። ከዚያ የመጀመሪያዋን ድምፅ ብቻ ስጫቸውና ጠብቂ። አትጨርሺላቸው።»

እያንዳንዱን ተረጎምኩ። ስንቄ ጎበዝ ናት፤ ወዲያው ያዘችው። «ቢሻን» አለች የውሃውን ካርድ ይዛ፤ «ቢ…» ብላ ዝም። «እንደሱ!» አለ እንዳሻው። በመጨረሻ ኪሱ ውስጥ ያለውን የኩራን ፎቶ አወጣ። ኩራ የሰጠው ነው።

«ይሄ ደግሞ ዋናው ነው። ኩራ። ኩ ብለሽ ትጠብቂያለሽ።»

ተረጎምኩ። ስንቄ ፎቶውን ተቀበለች። ቀና ብላ እኔን አየችኝና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

ያንን እይታ አውቀዋለሁ። ማዕከሉ ከመግባቴ በፊት ሃያ ዓመት ያህል ከቦረና ሴቶች ጎን ተቀምጬ ሸጫለሁ። እንደ ወጉ የባሏንና የአማቷን ስም የማትጠራ ሴት ምን እንደምትመስል እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል? ማዕከላችን ካርድ ማውጫ ላይ «የባልሽ ስም?» ሲባሉ ዞረው ጎረቤታቸውን በክርናቸው ጎሰም ያደርጓታል፤ ጎረቤቷ ትናገርላታለች። በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው። እንዳሻው ክፍሉ ውስጥ ስለሚሆን ይህን አያይም።

አውቄ ነበር። በዚያች ደቂቃ፣ ፎቶው እጇ ላይ እያለ፣ አውቄ ነበር። ሆኖም ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ መኪና ላይ ነበርኩ፤ ወገቤ ተቆርጧል። በሜጋ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። አብዱልሃሚድ ጥሩንባውን እየነፋ «እናቴ፣ ጎርፉ ሳይቀድመን እንውጣ! ዛሬ እዚህ ካደርን ሚስቴ ሌላ አገባ ትለኛለች!» ይላል። ከሁሉም በላይ ግን ያ የፊልቱ ነገር ሆዴ ውስጥ ነበር። ያልኩትን ብቻ ተርጉሚ ብሎኝ የለ? ይኸው ተረጎምኩ።

«ገባሽ?» አልኳት።

«ገባኝ» አለች ቀስ ብላ።

«ገባት» አልኩት እንዳሻውን።

«ፊቷ ተለወጠሳ? ምን አለች?»

«ምንም አላለችም።»

እውነቴን ነው። ምንም አላለችም።

በሚቀጥለው ወር ስንመለስ ሽማግሌው «ቢሻን» አሉ። «አናን» አሉ፤ ወተት ማለት ነው። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ እንደ ሠርግ እልል አለ። እንዳሻው የኩራን ፎቶ ሲያሳያቸው ግን ከንፈራቸውን ገጠሙ። እንዳሻው ራሱ «ኩ…» ብሎ ጠበቀ፤ ለረጅም ጊዜ ጠበቀ። ምንም የለም።

«ይህኛው ይከብዳል» አለኝ። «አራት ዓመት ሙሉ አፋቸው ላይ አልነበረም። ስንቄ በየቀኑ ካለማመደቻቸው ይመጣል።»

ስንቄ አጠገባችን ቆማ ነበር። ቀና ብዬ አላየኋትም።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ሁከት የነበረበት ጊዜ ነው፤ መኪና ከነገሌ አይወጣም ተባለ። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። በስልክ ብቻ እንገናኝ ጀመር። ኩራ በሳምንት አንድ ቀን ከሜጋ ይመጣና ደውሎ ስልኩን ለስንቄ ይሰጣታል። እንዳሻው በአጠገቤ ቆሞ ይጠይቃል፤ እኔ እተረጉማለሁ። ከብት ማለት ችለዋል። «ናጋ» ማለት ችለዋል። አንድ ቀን ደግሞ ይህን አለችኝ፦

«ፎቶውን ሲያዩ ይናገራሉ።»

«ምን ይላሉ?»

ነፋስ ስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«እሱን ነዋ የሚጠሩት» አለች።

ማን ብለው እንደሚጠሩት ልጠይቃት እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እንዳሻው ክንዴን ይዞ «ምን አለች? ምን አለች?» ሲለኝ «ሲያዩት ይጠሩታል አለች» አልኩት። በደስታ ቃሉ ተያዘበት፤ «አ… አ… አሉ!» እያለ ወደ እግር መሥሪያው ሮጠ። መጋዝ የያዘውን ሰውዬ አቀፈው። የዚያን ቀን ለማዕከሉ ሠራተኛ ሁሉ ለስላሳ አስከፈተ። እኔ ሚሪንዳዬን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

መንገዱ ሲከፈት ኩራ ሽማግሌዎቹን ጠራ። እኛም ሄድን። ጧት ነው፤ ግራሩ ሥር አሥር የሚሆኑ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ራቅ ብለው። ጉዮን ነጭ ጋቢ አልብሰው አምጥተው በርጩማቸው ላይ አስቀመጧቸው። ኩራ ሞተሩን ሩቅ አቁሞ በእግሩ መጣና ፊታቸው ተንበረከከ። እንዳሻው ከጎናቸው ቁጢጥ አለ።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጠው «ጉዮ፣ ልጅህ መጥቷል። ያሰርከውን ፍታ» አላቸው።

ጉዮ ልጃቸውን አዩት። በዚህ ጊዜ ፊታቸውን አልደፉም። ግራ እጃቸውን አነሥተው ጭናቸውን መታ መታ አደረጉ፤ ልክ እንዳለማመድናቸው። ትንፋሻቸውን ሳቡ።

«አባ… ሎኮ» አሉ። «አባ ሎኮ፣ ናጋ።»

ጥርት ብሎ ተሰማ። ሁሉም ሰማ።

ሎኮ የኩራና የስንቄ ልጅ ናት፤ የሁለት ዓመት ሕፃን። አባ ሎኮ፣ የሎኮ አባት ማለት ነው። ስንቄ ባሏን የምትጠራበት። ስሙን በአፏ ማንሳት ስለማትችል ፎቶውን እያሳየች አምስት ወር ሙሉ ጧትና ከሰዓት ያለማመደቻቸው ይህንኑ ነው።

አንዱ ሽማግሌ፣ ክፉ ሰው አይደለም ቀልደኛ ነገር ነው፣ «ጉዮ፣ ለልጅህ ሚስት ሆንከው እንዴ?» አለ። ሳቁ። ሴቶቹም በነጠላቸው ተሸፍነው ሳቁ። ጉዮ ዙሪያውን አዩ። ምን እንዳሉ ያን ጊዜ ገባቸው። አስተካክለው ሊሉት አፋቸውን ከፈቱ፤ «ታ… ታ…» ብቻ ወጣ።

«ለምንድን ነው የሚስቁት?» አለኝ እንዳሻው። «ምን አሉ?»

«የሎኮ አባት፣ ሰላም ሁን አሉ።»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?»

«ኩራ አላሉም» አልኩት።

እንዳሻው የሽማግሌውን እጅ ያዘ። «ኩ…» አላቸው። ጭናቸውን መታላቸው። «ኩ…» ዐይናቸው እንባ ሞላ። «ኩ…» አሉ እሳቸውም አንድ ጊዜ፤ ከዚያ አልሄደም። ደገሙት። ደገሙት። ፀሐይ ወደ ላይ ወጣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዳሻው ራሱ ያቆም ነበር፤ «በሽተኛ ሲደክም አይገፋም» የሚል እሱ ነው። የዚያን ቀን ግን አላቆመም። በመጨረሻ ኩራ ተነሥቶ ትከሻውን ያዘው።

«ይበቃል ዶክተር። ለፍተሃል።»

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። «ሐሳቡ ታውቋል፤ እጁን አንሥቷል፤ ናጋ ብሏል። ተፈቷል» አሉ። ኩራ «እሺ» አለ። አባቱን ጉልበታቸውን ሳመ። ወደ ሞተሩ ሲሄድ አብዱልሃሚድ «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ እጁን ዘረጋለት። ኩራ እጁን ጨበጠና «አባቴ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። አልጠራም አለ፤ አልጠራም» አለው። ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

እኔ ውሃ ልጠጣ ወደ ቤቱ ጀርባ ስዞር ስንቄ እዚያ ቆማ አገኘኋት። አላለቀሰችም።

«እኔ ስሙን ልለው አልችልም» አለችኝ። «በዚህ ቤት እኔም አልጠራው፣ አባቱም አይጠሩት። ስሙ የሚሰማው ጎረቤት ሲጠራው ብቻ ነው። ጎረቤቴን ልጠራት ነበር፤ እሷ ትበልላቸው ብዬ። እናንተ ግን አንቺው ራስሽ፣ ሰው አይቀያየር አላችሁ። የተማራችሁ ናችሁ።»

«እኔ አልተማርኩም» አልኳት።

«አንቺ የዚህ አገር ልጅ ነሽ። እኔ ለወንድምሽ ልነግረው አልችልም፤ ቋንቋውም የለኝም፣ ነውርም ነው። አንቺ ግን ‹ይህን እሷ አትለውም፣ ጎረቤቷ ትበልላት› ብትይው ምን ነበር?»

ውሃ የሰጠችኝበትን ጣሳ መለስኩላት።

ጉዮ በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለተኛ ስትሮክ መታቸውና ሞቱ። ኩራ ነው የደወለው፤ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ለእንዳሻው ስነግረው ካርዶቹን እያጸዳ ነበር። ቁጭ አለ።

«የት ላይ ነው የሳትኩት?» አለ። «ሌላው ቃል ሁሉ መጣ። ለዚህኛው ብቻ ምን ጎደለው?»

ያን ጊዜ ነገርኩት። ስንቄ ያለችኝን ሁሉ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከግድግዳው ማዶ መጋዙ ይጮሃል። ስጨርስ ቀና አለ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ፎቶውን የሰጠኋት ቀን?»

«የዚያኑ ቀን።»

አፉን ከፈተ። «ለ…» አለ። «ለ… ለ… ለ…» አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ተወጠሩ፤ ልክ በልጅነቱ ባለሱቁ ፊት ሲቆም እንደሚሆነው። ምን ሊል እንደፈለገ አውቃለሁ። ድሮ ቢሆን እጨርስለት ነበር። ግን እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ፤ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ብዙ ጠበቅኩ። እንዳሻው አፉን ዘጋ፤ ካርዶቹን ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ ከተታቸውና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ጥሩ ሠርቷል፤ አንዲት የመቶ አለቃ ሚስት ከስትሮክ በኋላ ዘመዶቿን ሁሉ በስም እስክትጠራ አድርሷታል። አዲስ ቤተሰብ በመጣ ቁጥር ግን መጀመሪያ ወደ እኔ ዞሮ «እቴቴ፣ የማይባል ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። እነግረዋለሁ። ከዚያ ማዕከሉን የሚረዳው ድርጅት ሄደና ክፍሏ ተዘጋች፤ አሁን የክራንች ማስቀመጫ ናት። እንዳሻው ሐዋሳ ወርዶ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። የንግግር ሕክምና የሚጠይቀው የለም። ኩራ በሁለት ሺህ አሥራ አራቱ ድርቅ የቀሩት ከብቶች አልቀውበት ከስንቄና ከሎኮ ጋር ወደ ኬንያ ተሻገረ ብለው ነገሩኝ፤ ሌላ የሰማሁት የለም።

እኔ ያው ማዕከሉን እጠርጋለሁ። እንዳሻው በየበዓሉ ይደውላል። ስለ ወገቤ ይጠይቀኛል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቀኛል፣ አንድም ቃል ሳይያዝበት። ያቺን የጀመራትን «ለ…» ግን እስካሁን አልጨረሳትም። ሁሉን ተናግሮ ሲያበቃ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ትንሽ ዝም ይላል፤ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዝም እላለሁ። ከዚያ «በይ እቴቴ፣ ደህና ሁኚ» ይለኛል።